ከለር ያደረግኳት ፈረስ

ስለ ፈረስ ማንም እንዳያናግረኝ። የፀጉር ሳሎኔ መጥተው፣ ካስክ ስር ቁጭ ብለው፣ «ፋናዬ፣ ያቺ ፈረስ እንዴት ሆነች?» የሚሉኝ አሉ። አውቀው ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር ዲኬተር ውስጥ አስራ አራት ዓመት ፀጉር ስሰራ የአንድ ሰው ጭንቅላት አበላሽቼ አላውቅም። ያበላሸሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ጭንቅላት ሳይሆን ሙሉ ፈረስ ሆነና የሰው መሳቂያ ሆንኩ።

ካወራችሁት አይቀር ግን ደህና አድርጋችሁ አውሩት። እኔው ልንገራችሁ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

አንድ ልጅ ነው ያለችኝ። መነን ትባላለች፣ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ አፏ ዳር የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ወጣችባት። በወሩ ዓይኗ ዙሪያ መጣ፣ ቀጥሎ ጣቶቿ ላይ። ሳንዲ ስፕሪንግስ የቆዳ ሐኪም ጋ ወሰድናት። አያማትም፣ ወደ ሰው አይጋባም፣ ቅባት እንሞክርላት አለን። ሞከርን። ጠበልም ተጠመቀች። ነጩ ግን የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ መንገዱን ቀጠለ። ስሙን ቤታችን ውስጥ ማንም ጠርቶት አያውቅም። እኔ «ያ ነገር» ነው የምለው። አባቷ ሳህሌ ጭራሽ ምንም አይለውም፤ ቀኑን ሙሉ የኤርፖርት ሻትል እየነዳ የሰው ወሬ ስለሚሰማ ቤት ሲመጣ አፉን ውጭ ፓርክ አድርጎ ነው የሚገባው።

እኔ ግን ዝም ብዬ የማይ ሴት አይደለሁም። እጄ ደግሞ ባለሙያ ነው። ሦስት ዓይነት ፋውንዴሽን ቀላቅዬ የፊቷን መልክ ቁጭ አደረግኩት። በየጠዋቱ የትምህርት ቤት ባስ ሳይመጣ ኩሽና ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ፊቷንም ጣቶቿንም እቀባታለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላለችም። እምቢ ስላላለች የወደደችው መስሎኝ ነበር።

አስራ አንድ ዓመቷ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሕፃናት ሲዘምሩ እሷም ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ቆመች። ኤሲው ተበላሽቷል፣ ሙቀቱ አያድርስ ነው፣ ፋውንዴሽኑ በላብ ወረደ። ልጆቹን የሚያሰልፉት እትዬ ዘውድነሽ ጠጋ አሉኝና፣ «ፋንዬ፣ ቪዲዮ እየተነሳ ነው፣ ልጅቷን ወደ ኋላ መስመር ብናደርጋት» አሉኝ። ደሜ ፈላ። እኔ መልስ የማጣ ሴት አይደለሁም፣ እድሜ ልኬን በምላሴ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን አፌን ምን እንደያዘው እንጃ፣ ሄጄ የልጄን እጅ ይዤ ከኋላ መስመር አቆምኳት። ከዚያ ወዲህ መነን አልዘመረችም፣ ፎቶም አልተነሳችም። የትምህርት ቤቷን የዓመት መጽሐፍ ብትገልጡ ከስሟ በላይ ያለው ሳጥን ባዶ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ መነንን ከኋላ ፈልጓት።

ፈረስ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን የበጎ ፈቃድ ስራ ሰዓት አሟሉ ሲላቸው ሌሎቹ ላይብረሪ ሄዱ፣ የኔዋ ከፓይን ሌክ ወዲያ ያለ የፈረስ ጋጣ ሄደች። የጋጣው ባለቤት ሚስ ዶሪስ ትባላለች፤ ሰባ ዓመት ያለፋት ቀጭን ፈረንጅ ናት፣ ሲጋራ ከአፏ አይወርድም። ሰዓቱ ሞላ፣ መነን ግን መሄዷን አላቆመችም። እኔ ፋርማሲ ትማራለች እላለሁ፣ እሷ ፋንድያ ትዝቃለች። ፈረስ ፈረስ እየሸተተች መኪናዬ ውስጥ ስትገባ መስኮቱን ከፍቼ እስከ ቤት ስጮህባት እሄዳለሁ። «ፈረስ እኮ ፊት አያይም ማሚ» አለችኝ አንድ ቀን። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፣ እንዳልገባኝ ሆኜ ጩኸቴን ቀጠልኩ።

የዛሬ ዓመት ሚያዝያ ላይ ከባዝራዎቹ አንዷ ወልዳ ሞተች። ውርንጭላዋን መነን በጡጦ አሳደገቻት። በኋላ ሚስ ዶሪስ «ያሳደጋት ነው ባለቤቷ» ብላ ፈርማ ሰጠቻት። እኔን ማን ጠየቀኝ? ልጄ የፈረስ ባለቤት ሆና መጣች።

ሄጄ አየኋት። ዳማ ናት፣ ቡኒ፣ እግሯ ረዘም ያለ፣ ዓይኗ የሚያምር። ግን ምን ያደርጋል፣ ግማሽ አካሏ ነጭ ነው። አንገቷ ላይ ነጭ፣ ጎኗ ላይ ነጭ፣ ፊቷ ደግሞ ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ነጭ ወርዶበታል። ከነጩ ስር ቆዳዋ ሮዝ ነው። አፏ ዳር። ልክ አፏ ዳር። «ከሃያ ፈረስ መርጠሽ ይቺን?» አልኳት። ሳህሌ ከኋላዬ ሳቀ፣ እሱ ሲስቅ በዓመት አንዴ ነው፣ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ፋኒ፣ ተያት» አለኝ። መነን ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። እዚያው ፈረሷን «ዥንጉርጉር» ብላ ስም አወጣችላት። ሚስ ዶሪስ ምላሷ አልገለበጥ ብሎ «ጁንጉር» ነው የምትላት። እኔ ስሟን አልጠራሁም።

ከመስከረም ጀምራ ለሾው ታዘጋጃት ያዘች። ይሄ ሾው ግልቢያ የለውም። ባለቤቱ ፈረሱን በገመድ ይዞ ከጎኑ እየተራመደ ይገባል፣ ዳኛ ፊት ያቆመዋል፣ ዳኛው ዞሮ ያየዋል፣ በቃ። የከብት ገበያ ነው ማለት ነው ብዬ አሾፍኩ። እሷ ግን ስምንት ወር ሙሉ ያቺን ነገር መቆም አስተማረቻት። አራቱን እግር እኩል አድርጎ መቆም፣ እንግዳ ሰው ሲነካት መቆም፣ ጃንጥላ አጠገቧ ሲከፈት መቆም። በአማርኛ ነው የምታዛት። «ቁሚ» ስትላት ትቆማለች፣ «ነይ» ስትላት ትከተላለች። እኔ መኪናዬ ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ አያቸዋለሁ። ዓመት ያልሞላት እንስሳ ለልጄ ስትታዘዝ እያየሁ እንኳ ንዴቴ አልበረደም። ይሄ ሁሉ ትዕግስት ለሰው ልጅ ትምህርት ቢውል እላለሁ።

ኤፕሪል ላይ ከሳሎኔ ሐምራዊ ሻምፖ ጠፋብኝ። ነጭ ፀጉር ቢጫ እንዳይሆን የሚታጠብበት ነው፣ ለሸበቱ ደንበኞቼ ነው የማስመጣው። ለካስ መነን ወስዳ ፈረሷን ታጥብበታለች። ገሰጽኳት። በሆዴ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ነጩ እሷንም ያስጨንቃታል ማለት ነው አልኩ።

እንግዲህ ስህተቱ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ሜይ መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ማታ፣ ፓስታ እየበላን ነው። መነን ሹካዋን አስቀመጠችና፣

«ማሚ፣ ቅዳሜ ሾው አለን። ትመጫለሽ?» አለችኝ።

ሹካዬ አፌ ጋ ደርሶ ቆመ። ይቺ ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ካለበት ስትሸሽ ኖራ፣ አሁን ሰው ፊት ልትቆም ነው፣ እኔንም ነይና እዪኝ ትለኛለች።

«ምን ዓይነት ሾው ነው?» አልኩ፣ ድምፄን አደላድዬ።

«ከለር ክላስ ነው የምንገባው። ላይክ፣ ጀጇ የምታየው ከለሯን ነው። ከለሯ ፐርፌክት ካልሆነ፣ ዩ ኖው፣ በቃ ነው።»

ሌላ ማብራሪያ አልጠየቅኩም። ለምን እጠይቃለሁ? ከለር ነው የተባልኩት። በኛ ሙያ ከለር አንድ ነገር ነው። ከለር ልታደርግ የመጣች ሴት ሽበቷን ልታሳየኝ አይደለም የምትመጣው፣ እንድሸፍንላት ነው። የዚያን ሌሊት ተገላበጥኩ። ፈረሷን ስሰድብባት ከርሜ ልጄ እጅሽን አውሺኝ ለማለት አፍራኛለች አልኩ። ሻምፖውን ደብቃ ወሰደች፣ ከለሩ ግን ደብቃ የምትሰራው ነገር አይደለም፣ ሙያ ይጠይቃል። እናቷ ባለሙያ ሆና ሳለ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እኔ ነኝ።

ረቡዕ ከጃኬቷ ላይ የፈረሷን ፀጉር ለቀምኩ። መስኮት ጋ በቀን ብርሃን ይዤ ከከለር ካርዱ ጋር አስተያየሁት። ቁጥር አምስት ከቁጥር ስድስት ተቀላቅሎ ትንሽ መዳብ ሲጨመርበት ቁጭ ይላል። አርብ ዋናው የስራ ቀኔ ነው፤ ዘግቼ፣ በር ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ ቀጠሮ የያዙ ስድስት ሴቶች እየሰደቡኝ ወደ ጋጣው ሄድኩ። አሞኒያ የሌለበት ከለር፣ ሳህን፣ ብሩሽ፣ ጓንት፣ ሁለት ባልዲ። ሚስ ዶሪስ አልነበረችም። ድርቆሽ የሚያመጣው ሰውዬ ያውቀኛልና በሩን ከፈተልኝ።

እንግዲህ ሞኝ አትበሉኝ፣ ስራዬን አውቃለሁ። መጀመሪያ ከጆሮዋ ኋላ ትንሽ ቀብቼ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ቆዳዋ አልቀላም። ከዚያ «ቁሚ» አልኳት። ቆመች። ሁለት ሰዓት ተኩል ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፣ ልጄ ያስተማረቻትን መቆም ለእኔ ቆመችልኝ። አንገቷን ጨረስኩ፣ ጎኗን ጨረስኩ፣ እግሮቿን ጨረስኩ። እየቀባሁ አናግራታለሁ፤ «እስከ ዛሬ ክፉ የተናገርኩሽን ይቅር በይኝ፣ ነገ ማን እንደምትሆኚ ያያሉ» እላታለሁ። ፊቷ ላይ ስደርስ በትንሹ ብሩሽ ነው የሰራሁት፣ ከግንባሯ ወደ ታች፣ አፏ ዳር በጥንቃቄ። ዓይኗን ጨፈነችልኝ።

አጥቤ ሳደርቃት ያማረችውን ማማር አትጠይቁኝ። ከጆሮ እስከ ሰኮና አንድ መልክ። መጋጠሚያው የት እንደሆነ እኔ ራሴ አጣሁት። እንዲህ ዓይነት ስራ ሰርቼ አላውቅም።

ትምህርት ቤት ተለቆ መነን መጣች። ጋጣው በር ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ አለፈች። የራሷን ፈረስ አላወቀቻትም። የሚቀጥለውን ጋጣ አየች፣ የሚቀጥለውን አየች፣ ተመለሰች።

«ማሚ፣ ዥንጉርጉር የታለች?»

«ያቻትልሽ» አልኩ፣ በኩራት።

ልጄ ቀስ ብላ ወደ ፈረሷ ሄደች። እጇን አንገቷ ላይ አደረገች፣ ነጩ የነበረበት ቦታ ላይ። ጣቶቿ ላይ ፋውንዴሽን አልነበረም።

«ምን አደረግሽ?»

«ከለር አደረግኳት።»

«ማሚ…» ድምጿ ቀጠነ። «ከለር ማለት ነጩ ነው። ነጩና ቡኒው አንድ ላይ። እሱን ነው የሚያዩት። ዘ ዋይት ኢዝ ዘ ፖይንት፣ ማሚ። ነጭ ያለባቸው ብቻ ናቸው የሚገቡት።»

ሰው ጥፋተኛ ሲሆን ይቅርታ ይላል። እኔ ጥፋተኛ ስሆን እቆጣለሁ፣ እንዲያውም ያኔ የምቆጣውን ያህል መቼም አልቆጣም። «ታዲያ ደህና አድርገሽ አትነግሪኝም?» ብዬ ጮህኩ። «ከለር ከለር ትይኛለሽ፣ እኔ ምን ላውቅ ነው? ስራዬን ዘግቼ፣ ደንበኛዬን በትኜ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ… ለመሆኑ ማነው ለምጻም ፈረስ የሚያወዳድር?»

ወጣ። ስምንት ዓመት ቤታችን ውስጥ ያልተጠራው ቃል ወጣ፣ ያውም ስድብ ሆኖ፣ ያውም ከእኔ አፍ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። መነን አላለቀሰችም። ዞራም አላየችኝ። የውሃውን ጎማ ጎትታ፣ ሻምፖውን ይዛ፣ ፈረሷን ታጥብ ጀመር። ደጋግማ አጠበች። የእኔ ከለር ግን በውሃ የሚለቅ ከለር አይደለም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ቃል አላናገረችኝም።

ሚስ ዶሪስ መጥታ አየች። ሲጋራዋን ለኮሰች። ከለር የተቀባ ፈረስ አይወዳደርም፣ ሕግ ነው፣ መስከረም ጥቅምት ሲሆን ይህ ፀጉር ረግፎ የራሷ ይመጣል፣ እስከዚያ መጠበቅ ነው አለችን። እኔ ብሊች ላድርግና ልመልሰው አልኩ። ያን ሮዝ ቆዳ ሳስበው ግን ተውኩት። ያ ቆዳ ብሊች አይችልም። ይሄንን ማወቅ የነበረብኝ ጠዋት ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ስነሳ ኩሽና ውስጥ ወንበሩ ባዶ ነው። መነን በሚስ ዶሪስ መኪና ሄዳለች። ምዝገባዋን ልትሰርዝ ነው የሄደችው አልኩ። ሳህሌ ቁልፉን አንስቶ «ልትገባ ነው፣ እንሂድ» አለኝ። ቦርሳዬን ያዝኩ። ፋውንዴሽኑን ከተትኩ። ልማድ ነው፣ ምን ልበላችሁ።

ሜዳው በኮንየርስ መንገድ ነው፣ አርባ ደቂቃ ነዳን። አጥሩ ዙሪያ ፈረንጅ ሞልቷል፣ ወንበር ይዘው፣ ቀዝቃዛ መጠጥ ይዘው። መነንን ከፈረስ መጫኛ መኪናዎቹ መሃል አገኘናት። ንጹህ ሸሚዝ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ወደ ኋላ አስራለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። የዓይኗ ዙሪያ ነጭ፣ አፏ ዳር ነጭ፣ ገመዱን የያዙት ጣቶቿ ነጭ። በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሰው መሃል። እጄ በራሱ ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። ፋውንዴሽኑን አወጣሁት። መነን እጄን አየች፣ ፈረሷን ዞረችና በወዲያኛው ጎን ቆመች። በመካከላችን ፈረሷ፣ አንድ ወጥ ቡኒ ሆና ቆማለች።

ስድስት ፈረስ ገባ። አምስቱ ዥንጉርጉር ናቸው፣ ነጫቸው ዓይን ይወጋል። ስድስተኛዋ የእኛዋ ናት። ዳኛዋ ባርኔጣ ያደረገች ረጅም ሴት ናት። አንድ በአንድ ዞራ አይታ መነን ጋ ደረሰች። ግራ ገብቷት ወረቀቷን አየች። ከዚያ የፈረሷን አንገት ፀጉር በጣቷ ከፈል አደረገችው። ቡኒ ፀጉር ከጥቁር ቆዳ ነው የሚበቅለው፤ እኔ የቀባሁት ስር ግን ሮዝ ነው። አየችው። ማነው ይሄን ያደረገው ብላ ጠየቀች።

አጥሩን ይዤ ነበር የቆምኩት፣ አስር እርምጃ ያህል ነው። እንግሊዝኛዬ ቢሰበርም ጆሮዬ አይሰበርም። ልጄ ቃሉን ሳታጣድፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አለቻት፤

«እናቴ ናት። ፀጉር ሰሪ ናት። ነጩ የሚደበቅ ነገር መስሏት ነው። እኔንም ስምንት ዓመት ስትቀባኝ ነበር። በክፋት አይደለም።»

በክፋት አይደለም። ምነው በሰደበችኝ። ምነው እንደ እኔ በጮኸች።

ዳኛዋ የልጄን ፊት አየች፣ ደህና አድርጋ። ልዳኝሽ አልችልም፣ መውጣት አለብሽ፣ አዝናለሁ አለቻት። መነን አውቃለሁ አለች፣ «ግን መቆም ተምራለች፣ ስምንት ወር ፈጅቶብናል፣ ቆማ ትታይልኝና እወጣለሁ» አለቻት። ዳኛዋ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። መነን አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣችና «ቁሚ» አለች፣ በአማርኛ። ቆመች። አራቱ እግሮቿ እኩል፣ አንገቷ ቀና። ዳኛዋ ልክ እንደ ሌሎቹ ዙሪያዋን ዞረች፣ እግሯን አየች፣ ከፊት ቆማ አየች። ቸኩላም አልጨረሰችም። ከአጥሩ ዙሪያ ስልክ ያወጣ ሁሉ ፎቶ ያነሳል፣ ፈረሷንም ልጄንም። መነን ፊቷን ከአንዱም አላዞረችም። ከዚያ ገመዷን ይዛ በበሩ ወጣች፣ ሪባን የለ፣ ምን የለ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጮህኩ። በዳኛዋ ጮህኩ፣ ፎቶ ባነሱት ጮህኩ፣ በሚስ ዶሪስ ሲጋራ ሳይቀር ጮህኩ። «እንደማይዳኟት ካወቀች ለምን ገባች? መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?» አልኩ።

ሳህሌ ሃይዌይ ስንገባ፣ «ከኋላ መስመር መቆም ሰልችቷት ነው፣ ፋኒ» አለኝ። እሱ መናገር ሲጀምር እንዲህ ነው፣ ዝም ቢል ይሻለኝ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ሳምንት ሙሉ ዝምታ ሆነ። ልጅቷ ትወጣለች ትገባለች፣ ለአባቷ ታወራለች፣ እኔ ስመጣ ትነሳለች። ኩሽና ያለው ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ይቅርታ ልል ሦስት ጊዜ በሯ ላይ ቆሜ፣ ሦስቱንም ጊዜ «የለበስሽው ልብስ ይታጠብ» ብዬ ተመለስኩ። በነሐሴ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። እንዲህ ሆና ከሄደች አትመለስም ብዬ ሌሊቱን ዓይኔ ይፈጣል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎን መጥታ ስልክ ታነሳልኛለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች። ያን ቅዳሜ አትመጣም ብዬ ነበር፤ መጣች፣ ፊቷን እንዲሁ ይዛ፣ ካውንተሩ ኋላ ተቀመጠች። ሳሎኑ ሙሉ ነው፣ እሁድ ሰርግ አለ። ካስኮቹ ስር ሁሉም ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ተደርድረዋል። እትዬ ዘውድነሽም መጥተዋል፣ ሽበታቸውን ከለር ሊያደርጉ። ቀባኋቸው፣ ፕላስቲኩን ጭንቅላታቸው ላይ አደረግኩላቸው፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ ብዬ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ስልካቸውን አወጡ። ፌስቡክ ላይ የወጣውን የሾውን ፎቶ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት አሳዩ። ከዚያ ልጄ እዚያው ተቀምጣ ሳለ፣ እንደሌለች ሁሉ፣

«ፋንዬ፣ ምነው? ፈረሱን ቀብተሽ ልጅቷን ረሳሻት እንዴ?» አሉ።

ሳሎኑ ሳቀ። ሁሉም አልሳቁም፣ ግን የሳቁት ይበቁ ነበር። መነን ቀና አላለችም፣ የቀጠሮውን ደብተር ታያለች። የስድስት ዓመቱ ደም እንደገና ፈላብኝ። በዚህ ጊዜ ግን አፌን የያዘው ነገር አልነበረም። የፀጉር መተኮሻውን ፓይስትራ አስቀመጥኩት።

«አልረሳኋትም፣ እትዬ ዘውድነሽ። ለምጽ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ ቆመ። ከካስኩ ስር ያለችው ሴት እንኳ ጭንቅላቷን አወጣች።

«ለምጽ ይባላል። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ አለባት፣ አያማትም፣ ወደ እርስዎም አይጋባም። ያኔ ከኋላ መስመር አቁሚያት ሲሉኝ እሺ ብዬ ያቆምኳት እኔ ነኝ። እርስዎ ተናገሩ እንጂ እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ልጄን ስደብቃት ኖሬያለሁ፣ ፈረሷንም ደበቅኩባት። ሁለቱም ይቅርታ ከእኔ ይጠብቃሉ፣ ለሷ ለመናገር ሳምንቱን ሙሉ ሞክሬ አልሆነልኝም። ከእንግዲህ ግን ልጄን ማየት የፈለገ ከፊት ነው የሚያያት። የማይፈልግ ዲኬተር ውስጥ ሌላ ፀጉር ቤት አለ።»

እትዬ ዘውድነሽ ብድግ አሉ። ቦርሳቸውን ያዙ። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ራሳቸውን አዩት፤ ከለሩ ጭንቅላታቸው ላይ ነው፣ ፕላስቲኩ ጆሯቸው ድረስ ወርዷል፣ ጥቁሩ በግንባራቸው ዳር እየፈሰሰ ነው። የት ይሄዳሉ? ቀስ ብለው ተቀመጡ። የካስኩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ነው፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃው ሞልቷል፣ አርባም ሆነ። ይቃጠሉ ብዬ አልነበረም፣ እውነቴን ነው፣ እግሬ እምቢ አለኝ።

ያኔ ከካውንተሩ ኋላ፣

«ማሚ፣ ከለሯ ደርሷል። እጠቢያት» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ካናገረችኝ ስምንተኛ ቀኗ ነው። ዞር ብዬ አየኋት። ቀና ብላ ታየኛለች።

በሌላ ቀን ቢሆን «ለታላቅ ሰው አንቱ ነው የሚባለው» ብዬ እቆጣት ነበር። ያን ቀን ግን እትዬ ዘውድነሽን ወደ መታጠቢያው ወሰድኳቸውና ውሃውን ከፈትኩ።